ጎሚኒ ብቻ ይቀየር ወይስ ሙሉ ብራቾ? በሰሜን ሸዋ መንገድ ለሚሠሩ ፎር ዊል ድራይቭ መኪኖች የንጽጽር መመሪያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚጓዝ መኪና ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ከደረሰ በኋላ፣ 587 ሜትር ርዝመት ያለውን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ የመኪናው ክብደት ግን ወደ ፊት መግፋቱን አይተውም። በሁለቱ መካከል ሆኖ ይህን ጉተታ የሚሸከመው የፊት እግሩ ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ ከብራቾውም በተለይ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት፣ ጎሚኒ የሚባለው የጎማና የብረት መጋጠሚያ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐ ቤቴ የገጠር ቀበሌዎች የሚዘልቀው መኪና ደግሞ ኮርኮንቹ በየሜትሩ የሚሰጠውን ምት በዚያው ጎሚኒ ይቀበላል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ጎሚኒ ቶሎ ማለቁ አያስገርምም። እኔን የሚያሳስበኝ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ምርጫ ነው። ጎሚኒ መቀየር ብቻ ለሚበቃው መኪና ሙሉ ብራቾ ሲገዛ፣ ሙሉ ብራቾ የግድ የሚያስፈልገው ደግሞ በጎሚኒ ሲታለፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጥሩ ዕቃ በውድ ተገዝቶ በአገጣጠም ስሕተት ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲበላሽ ነው።

ጎሚኒ እንዴት ይሠራል

ምርጫው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚመሠረት የጎሚኒን አሠራር አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። ጎሚኒ ሦስት ክፍል አለው፦ ብሎኑ የሚያልፍበት የውስጥ የብረት ቱቦ፣ በብራቾው ቀዳዳ ውስጥ በፕሬሳ (በኃይል በሚጫን መሣሪያ) ተጨንቆ የሚገባ የውጭ የብረት ቀፎ፣ እንዲሁም በሁለቱ መካከል ከሁለቱም ብረቶች ጋር በፋብሪካ የተጣበቀ ጎማ። በብሎኑ ጫፍ የሚታሰረው ዳዶ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ አይዞርም። ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚጠማዘዘው ጎማው ራሱ ነው። በሌላ አነጋገር ጎሚኒ እንደ በር ማጠፊያ የሚሽከረከር ዕቃ ሳይሆን እየተጠማዘዘ ወደ ቦታው የሚመለስ ዕቃ ነው። ግራሶ የማያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ እንዲያውም ከነዳጅ የሚሠራ ዘይትና ግራሶ ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

በነገራችን ላይ ብራቾ፣ ጎሚኒ፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣርማ በር ዋሻም የዚያው የ1928–1933 ዓ.ም. የወረራ ዘመን ሥራ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ መካኒክ ከዋሻው ጋር የመጣውን ቋንቋ እስከ ዛሬ ይናገራል።

ከመግዛት በፊት፦ ያለቀው የትኛው ነው?

ኮርኮንች ላይ የሚሰማ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ሁሉ የብራቾ ጎሚኒ አይደለም። የስታቢላይዘር (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ጎሚኒ፣ የአሞርዛተሩ የላይኛው ጎማ፣ ቦል ጆይንት (የብራቾውን ጫፍ ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) እና ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ሁሉም ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰሙ ይችላሉ፤ ከእነዚህም የስታቢላይዘሩ በዋጋ እጅግ አነስተኛው ነው። የብራቾ ጎሚኒ ማለቁን በተሻለ የሚጠቁሙት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ ደግሞ መሪው በራሱ ጊዜ ቀና ይላል። የፊት ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ ከውጩ ቀድሞ ይበላል። አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ተሠርቶ ሳምንት ሳይሞላው መሪው እንደገና ይጣመማል።

በዓይን ለማየት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጎ፣ ጠንካራ መፈንቀያ ብረት በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የጎሚኒው ጎማ ትንሽ ተለጥጦ ከተመለሰ ደኅና ነው። የውስጡ ቱቦ ከጎማው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ከታየ ግን አልቋል። በጎማው ገጽ ላይ ብቻ የሚታዩ ቀጫጭን ስንጥቆች በዕድሜ የሚመጡ ስለሆኑ እነሱን ብቻ አይቶ ፍርድ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ባለበት ማለዳ የሚሰማ ድምፅም መኪናው ከሞቀና ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከጠፋ፣ ጎማው በብርድ መጠንከሩን እንጂ መበጠሱን ላያመለክት ይችላል።

ቦል ጆይንቱን ለብቻው መፈተሽ የግድ ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ አደጋ እኩል አይደለም። ጎሚኒ ሲያልቅ መኪናው እየባሰበት፣ ባለቤቱን እያስጠነቀቀ ይሄዳል። ቦል ጆይንት ከቦታው ሲወጣ ግን የመኪናው እግር ጎማ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ይህም ከጣርማ በር በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እንደ ሃይሉክስ ቪጎና እንደ ፕራዶ ሞላው በታችኛው ብራቾ ላይ ለሚያርፍ መኪና ክሪኩ የሚደገፈው ከዚያው ብራቾ ሥር፣ ለቦል ጆይንቱ ቀረብ ብሎ ነው። ጎማው ከመሬት ትንሽ ከፍ ሲል ከሥሩ በመፈንቀያ ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ጊዜ እጅ ላይ የሚሰማ ክፍተት ካለ፣ ስለ ጎሚኒ ከማሰብ በፊት የቦል ጆይንቱ ጉዳይ መፈታት አለበት።

የመኪናው ዓይነት ምርጫውን ይለውጠዋል

ከ2004 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተመረተው ሃይሉክስ ቪጎና ከ2002 እስከ 2009 የተመረተው ፕራዶ 120 የፊት እግራቸው በእያንዳንዱ ጎን የላይኛና የታችኛ ብራቾ አለው፤ ቀጥሎ የምናገረው በዋናነት ስለ እነሱ ነው። ሃርድቶፕ (ላንድ ክሩዘር 70) ግን ሌላ ነው። የፊት እግሩ አንድ ወጥ አክስል ሲሆን፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት በባሌስትራ (በተደራረበ ዝርግ ብረት)፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሞላ የሚሠራ ሆኗል። በሞላ የሚሠራው ሃርድቶፕና ኒሳን ፓትሮል ዋይ 61 አክስላቸውን በሁለት ረጃጅም ክንዶችና በአንድ አግድም ዘንግ ይይዛሉ። እነዚህ ክንዶች ወፍራም ብረት ስለሆኑ ከባድ አደጋ ካልደረሰባቸው በቀር አይጎዱም፤ ስለዚህ የሃርድቶፕና የፓትሮል ባለቤት ጥያቄ «ክንድ ወይስ ጎሚኒ» ሳይሆን «የምን ዓይነት ጎሚኒ» የሚለው ነው። የባሌስትራ መኪና ባለቤትም ከብራቾ ነፃ ነው፤ የሚያየው የባሌስትራውን ዓይንና የሻክሉን (ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያንጠለጥለውን ብረት) ጎሚኒ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ፦ የፋብሪካ ዓይነት የጎማ ጎሚኒ በነባሩ ብራቾ

ብራቾው ካልተጣመመ፣ ካልተሰነጠቀና የጎሚኒው ቀዳዳ ካልሰፋ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ብራቾ ብረቱ በልኩ የተሠራ፣ የብየዳው መስመር የተፈተነና ለዓመታት ሸክሙን ችሎ የኖረ ነው፤ ያለቀው ጎማው ብቻ ሆኖ ሳለ ብረቱን መጣል አግባብ አይደለም። ዋናው የመኪናው አምራች የሚያቀርበው ጎሚኒ ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ ደግሞ ለእግር ዕቃ የታወቀ የጃፓን ምርት ይበቃል። ሆኖም የታወቀ ስም ያለበት ካርቶን ሁሉ የታወቀ ዕቃ አልያዘም፤ አስመስሎ የተሠራው ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ይሸጣል። የውስጥ ቱቦው ጠርዝ በንጽሕና የተቆረጠ መሆኑን፣ ጎማው በሁለቱም ብረቶች ዙሪያ ክፍተት ሳይተው መጣበቁን፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር መስማማቱን በእጅ ይዞ ማየት ያስፈልጋል።

የዚህ አማራጭ ችግር ፕሬሳ መጠየቁ ነው። ፕሬሳ በሌለበት ጋራዥ አሮጌውን ጎሚኒ በእሳት አቃጥሎ አዲሱን በመዶሻ መትቶ ማስገባት የተለመደ ነው። መዶሻው የውጭ ቀፎውን ያጣምመዋል፤ እሳቱ ደግሞ የብራቾውን ቀለም አንሥቶ ለዝገት ያጋልጠዋል፤ የሚወጣው ጭስም ለሠራተኛው ጤና መርዝ ነው። በከተማው ያለ ፕሬሳ የት እንደሚገኝ ጠይቆ ብራቾውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ይሻላል። አንዳንድ ጎሚኒዎች በጎማቸው ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ክፍተት አላቸው፤ ክፍተቱ ወደ የት እንደሚያይ አሮጌው ሳይወጣ በብራቾው ላይ ምልክት ማድረግ ይገባል። አዙሮ ያስገባው ሰው ለስላሳ መሆን ያለበትን አቅጣጫ አጠንክሮ፣ ጠንካራ መሆን ያለበትን አላልቷል ማለት ነው።

ፖሊዩሪቴን

በቀይ፣ በሰማያዊ ወይም በቢጫ ቀለም የሚመጣው ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ ከጎማው ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ዘይት አይጎዳውም፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ቁራጭና በአንድ የብረት ቱቦ ስለሚሠራ ያለ ፕሬሳ በእጅና በሞርሳ ይገባል። መሪው ፈጥኖ ሲመልስ የሚሰማው ልዩነት እውነተኛ ነው። ሆኖም ይህ ዕቃ እንደ ጎማው አይጠማዘዝም፤ በቱቦው ዙሪያ ይሽከረከራል። የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ቅባት ይፈልጋል፤ ያውም ከዕቃው ጋር የሚሰጠውን ሲሊኮን ያለበት ቅባት እንጂ ተራ ግራሶ አይደለም። በክረምት የመንዝን ጭቃ፣ በበጋ የቆላውን አቧራ የሚጠጣ መኪና ያ ቅባት አይቆይለትም፤ ሲታጠብና አቧራው ሲገባ ይጮኻል፣ ቱቦውንም ይበላዋል።

በሃርድቶፕና በፓትሮል ረጃጅም ክንዶች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከጩኸት ያልፋል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር፣ አክስሉ የሚጠማዘዘው ጎሚኒው ስለሚታዘዝለት ነው። ጎሚኒው እንቢ ካለ ኃይሉ ወደ መያዣው ብረትና ወደ ብየዳው ይሄዳል። ስለዚህ ፖሊዩሪቴንን ለስታቢላይዘር፣ ለባሌስትራ ሻክልና ቅባቱን ለማደስ ፈቃደኛ ለሆነ ባለቤት እመክራለሁ፤ ለቪጎ የታችኛ ብራቾ አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ይቻላል እላለሁ፤ ለሃርድቶፕ ክንድ ግን አልመክርም።

ሙሉ ብራቾ መግዛት

ሙሉ ብራቾ ጎሚኒዎቹን፣ በብዙዎቹም ላይ ቦል ጆይንቱን ጨምሮ ይመጣል። ፕሬሳ አይጠይቅም፤ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ መኪናው የዕለት እንጀራ ለሆነለት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብራቾው ድንጋይ መትቶት ሲጣመም፣ በብየዳው አጠገብ ስንጥቅ ሲታይ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲሱ ጎሚኒ ያለ ፕሬሳ በእጅ ሲገባ፣ ወይም ከብራቾው የማይለየው ቦል ጆይንት ሲያልቅ ምርጫ የለም፤ ሙሉው ይገዛል። የተጣመመን ብራቾ በመዶሻ ማቃናትና የተሰነጠቀውን መበየድ ግን በማንኛውም ዋጋ ተቀባይነት የለውም። ከፍሬንና ከመሪ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ብረት ነውና።

ችግሩ በገበያው ላይ በርካሽ የሚገኘው ሙሉ ብራቾ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ብረትና ደካማ ጎሚኒ፣ አንዳንዴም ደካማ ብረትና ደካማ ጎሚኒ አብሮ የያዘ መሆኑ ነው። ገዢው አንድ ዓመት ሳይሞላው ያንኑ ጎሚኒ እንደገና ሊቀይር ይችላል። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ብራቾ ይዞ ቢሄድ እመክራለሁ። ሁለቱን በየእጁ አንሥቶ ክብደታቸውን ያመዛዝን፤ አዲሱ ጉልህ ቅለት ካለው ቆርቆሮው ስስ ነው። ቀጥሎ የብየዳውን መስመር በጣት እየዳሰሰ ይከተል፤ የሚቋረጥ ወይም የተንጠባጠበ ብየዳ በጣት ይታወቃል። ረጅም ብሎን በሁለቱ ጎሚኒዎች ቱቦ ውስጥ በየተራ ከትቶ ከጎን ሲያይ ከአሮጌው ጋር አንድ አቅጣጫ ካልያዘ፣ ያ ብራቾ ገና ሲሠራ የተጣመመ ነው። የቦል ጆይንቱ የጎማ ልባስ ያልተቀደደ፣ እጁም ሲወዘወዝ ጠበቅ ብሎ እኩል የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት።

ያገለገለ ብራቾን በሚመለከት ሐሳቤ ከብዙ ሰው ይለያል። ብረቱ የፋብሪካው ስለሆነ ከርካሽ አዲስ ብራቾ ይልቅ ያገለገለውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን እንደ ባዶ ብረት ብቻ ቆጥሬ ነው። ጎሚኒውና ቦል ጆይንቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ የሚናገር የለም፤ ስለዚህ ጎሚኒው ወጥቶ አዲስ ይገባበታል፤ ቦል ጆይንቱም የሚለይ ከሆነ ይቀየራል፣ የማይለይ ከሆነ ግን ብራቾው አይገዛም። ከተጋጨ መኪና የወጣም ሊሆን ስለሚችል ከራሱ አሮጌ ብራቾ ጋር ሳይለካ መግዛት አይገባም።

ቶርኖ ቤት የሚሠራው የናይለን ጎሚኒና ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠው ዕቃ ቤት ለመድረስ ያህል ያገለግላሉ። ናይለን አይለጠጥም፤ ምቱን ሁሉ ለብሎኑ ቀዳዳ ያስተላልፋል፤ ቀዳዳው ከሞላለለ በኋላ ደግሞ ጉዳቱ የሻንሲ ይሆናል።

ስለ ዋጋ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ስለሚዋዥቅ እዚህ አኃዝ ማስፈር አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ስሌቱ ግን አይለወጥም። የጎሚኒው ወጪ ዕቃው፣ ፕሬሳውና የሥራው ሰዓት ነው፤ የሙሉ ብራቾው ወጪ ዕቃውና አጠር ያለ የሥራ ሰዓት ነው፤ አላይመንት በሁለቱም ላይ ይጨመራል። በሒሳቡ የሚረሳው የፊት ጎማ ነው። ባለቀ ጎሚኒ ሦስትና አራት ወር የሚቆይ ሰው የሚበላበት የሁለት ጎማ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከጥሩ ጎሚኒ ዋጋ ይበልጣል። ግራና ቀኙም በአንድ ጊዜ ይቀየር፤ አንዱ ለስላሳ ሌላው ጠንካራ ሆኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው መሳቡን አይተውም።

ከዕቃው ምርጫ የሚበልጠው፦ አጠባበቁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሴ ቪጎ ላይ ጥሩ ጎሚኒ ገዝቼ በአንድ ጋራዥ አስገጠምኩ። አምስት ወር ሳይሞላ ድምፁ ተመለሰ። ሲፈታ ጎማው ገና አዲስ መልክ ነበረው፤ ነገር ግን በአንድ ወገን ከውስጡ ቱቦ እንደ ዛፍ ልጥ ተልጦ ነበር። ዕቃው የውሸት ነው ብዬ ለመከራከር ስነሣ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚህ ሙያ ያረጁ አንድ መካኒክ ምክንያቱን አሳዩኝ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ አዲሱን ጎሚኒ አስገብተው ዳዶውን አጠበቁ፤ ከውስጥ ቱቦው ጠርዝ ተነሥተው በጎማው ላይ አልፈው እስከ ውጭ ቀፎው ድረስ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ ከዚያ መኪናውን መሬት አስነኩት። መስመሩ እንደ ቀስት ጎበጠ። መኪናው ቆሞ እንኳ ጎማው ተጠማዝዞ መኖሩ ነው፤ ምንም ጉድጓድ ሳያገኘው ከአቅሙ ከፊሉን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ ላይ ኮርኮንቹ ሲጨመር መበጠሱ አይቀርም። ዳዶውን ፈተው፣ መኪናውን በእግሩ አቁመው፣ ሁለት ሦስቴ ወደ ታች ገፍተው አወዛውዘው እንደገና ሲያጠብቁት መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ስለዚህ በጎማ የተሠራ ጎሚኒ፣ ሙሉ ብራቾም ሆነ ነባሩ፣ ብሎኑ በመጀመሪያ እንዲይዝ ያህል ብቻ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ሲያርፍ ነው። ከሥር ለመግባት ቦታ ከጠበበ መኪናውን የጥገና ጉድጓድ ላይ ማቆም፣ ወይም ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር አድርጎ ያ ጎን ከመቆሚያው ሊነሣ እስኪል ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሥራውን ለጋራዥ የሚሰጥ ባለቤት ከዋጋው በፊት ይህን ይጠይቅ፤ «መሬት ሳይነካ አታጥብቁልኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ቪጎና ፕራዶ 120 ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የታችኛውን ብራቾ ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ብሎኖች የአላይመንት ማስተካከያም ናቸው፤ ራሳቸው ላይ መሃሉን የሳተ ክብ ሮንዴላ አላቸው፣ ሲዞሩም ብራቾውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋሉ። ከመፈታታቸው በፊት ያሉበት ቦታ በሻንሲው ላይ በስለት መጫር አለበት፤ ካልሆነ መኪናው አላይመንት ቤት እስኪደርስ ድረስ መሪውን መቆጣጠር ያስቸግራል። በዕድሜ ብዛትም ብሎኑ በውስጡ ቱቦ ውስጥ ዝጎ ይጣበቃል፤ በቁልፍ ሲዞር ጎማው አብሮ ይጠማዘዛል እንጂ ብሎኑ አይወጣም። ያን ጊዜ በግራይንደር ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ ስለሌለ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ብሎኖች ከነሮንዴላቸው አዘጋጅቶ መቆየት ይገባል፤ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መኪናው ተፈትቶ ብሎን ከአዲስ አበባ የሚጠበቅበትን ቀን አይቻለሁ። አዲሱ ብሎን ሲገባ ጥርሱን ሳይነካ በገላው ላይ ብቻ ቀጭን ግራሶ ቢቀባ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀላል።

ሁሉም ከጠበቀና አላይመንቱ ከተሠራ በኋላ በእያንዳንዱ ዳዶ፣ ሮንዴላና ሻንሲ ላይ የሚያልፍ አንድ የነጭ ቀለም መስመር ይሰመር። ከ1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ በተለይም አንድ ጊዜ እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከተመለሰ በኋላ፣ ባለቤቱ የእጅ ባትሪ ይዞ ከሥር ገብቶ ያን መስመር ይመልከት። ሳይሰበር ካለ ብሎኑ አልዞረም፤ ከተሰበረ ደግሞ መኪናው በእግሩ እንደቆመ ነጩ መስመር ወደሚገጥምበት ቦታ ተመልሶ ይጠብቃል፣ አላይመንቱም እንደገና ይታያል።